ላሜራው የት ሄደ? 2,623 ዲግሪ የሚችል ሞሊብዲነም በ900 ዲግሪ በነነብኝ

እቶን_ጠባቂ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከመሳቃችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ናሙና የማቃጥልበት የቤተ ሙከራ ምድጃ አለኝ፣ እስከ 1,700 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወጣል። ሴራሚኮቼን የምደረድርበት ጠፍጣፋ ነገር ሳፈላልግ መጋዘን ውስጥ 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የሞሊብዲነም ላሜራ አገኘሁ። ሰንጠረዥ ገልጬ ባይ የመቅለጫ ነጥቡ 2,623 ዲግሪ ነው። ተራው ብረት እንኳ 1,538 ላይ ነው የሚቀልጠው። እኔ የምፈልገው 900 ብቻ ስለሆነ «ይሄማ አይሞቀውም አይበርደውም» ብዬ ማታ አስገብቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት ስከፍት ላሜራ የሚባል ነገር የለም። የቀረው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ቅሪት ናት፣ ጠርዟን አይጥ የቀረጠፋት ይመስላል። ናሙናዎቼ ወለሉ ላይ ተዘርግፈዋል። በሩ አካባቢ፣ ቀዝቀዝ በሚለው ጡብ ላይ ደግሞ እንደ ውርጭ የሚያብለጨልጭ ሐመር ቢጫ መርፌ በቅሏል። ቀልጦ ነው እንዳልል የጠብታ ምልክት እንኳ የለም።

የት ሄደ? ሻጩ ሌላ ብረት ሰጥቶኝ ይሆን?

ኬሚስቷ

ሻጩን ተወው፣ ሰውዬው ሐቀኛ ነው። የሸጠልህ ሞሊብዲነም ለመሆኑ ምስክሩ በሩ ላይ የበቀለው መርፌ ነው።

አሉሚኒየም ኦክስጅን ሲነካው ቀጭን፣ ጥብቅ ካባ ይለብሳል፤ ከዚያ በኋላ ኦክስጅን አያልፍም። ክሮሚየምም እንደዚያው ነው። ሞሊብዲነም ይህን ጸጋ አልታደለም። ከ400 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ቀለሙ ይቀየራል፣ ከ600 በላይ በፍጥነት ይበላል፣ የሚፈጥረው ሞሊብዲነም ትራይኦክሳይድ ደግሞ 795 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያም በፊት መትነን ይጀምራል። አንተ 900 ላይ ስታሳድረው ካባው እየተነነ ብረቱ ራቁቱን ቀረ፣ ራቁቱ እንደገና ኦክሳይድ ሆነ፣ ያም ተነነ። ሌሊቱን ሙሉ ይኸው ነበር ሥራው። ተንኑ ቀዝቃዛ ጡብ ሲያገኝ መርፌ ሆኖ ተቀመጠ።

አንድ ነገር ንገረኝ፦ ምድጃው ሙቅ እያለ መርፌው ደማቅ ቢጫ ነበር? ሲቀዘቅዝስ ወደ ነጭ ሄደ?

ለማንኛውም በደረቅ መጥረጊያ እንዳትጠርገው። ብናኙ ሳንባን ይቆጣል፤ ይህ ኦክሳይድ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከተመደቡት ውስጥም አለ። ጭንብል አድርግና በእርጥብ ጨርቅ አንሳው።

እቶን_ጠባቂ

እህቴ፣ አብረሽኝ የነበርሽ ነው የሚመስለው። በሩን ስከፍት እንደ አስኳል ቢጫ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ሳየው ሊነጣ ምንም አልቀረውም።

ግን ተናደድኩ። በ700 ዲግሪ የሚበላ ከሆነ 2,623 የሚለው ቁጥር ለማን ነው የተጻፈው?

ቫኩም_ሰው

ለእኔ ነው የተጻፈው 😄

አየር በሌለበት፣ ወይም ሃይድሮጅንና አርጎን ውስጥ፣ ያ ቁጥር ልክ ነው። የቫኩም ምድጃ ውስጡን ብታይ ማሞቂያው፣ ሙቀት መላሽ ግድግዳው፣ ብሎኑና ዳዶው ሳይቀር ሞሊብዲነም ነው፤ 1,500 ዲግሪ ላይ ለዓመታት ይሠራል። ከተንግስተን ጋር ሲወዳደር መቅለጫው ዝቅ ይላል (ተንግስተን 3,422 ነው)፤ ግን እፍጋቱ በኩብ ሴንቲሜትር 10.28 ግራም ነው፣ የተንግስተን 19.3። በግማሽ ክብደት፣ ለመቁረጥም ለማጠፍም በሚቀል ብረት ሥራህን ትጨርሳለህ።

ሌላው ጥሩ ጠባዩ ሲሞቅ ብዙ አለመለጠጡ ነው፤ የተራ ብረትን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሙቀትም በደንብ ያስተላልፋል። የሃሎጅን አምፖል አጠገብህ ካለ እግሩ ጋ፣ መስታወቱ የተጨፈለቀበትን ቦታ ወደ ብርሃን አዙረህ እየው። ውስጡ የምትታይ ግራጫ፣ ስስ ቅጠል አለች። እሷ የሞሊብዲነም ቅጠል ናት፤ ውፍረቷ ከ0.03 ሚሊሜትር አይበልጥም። ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል ይገባል፣ አየር ግን አይገባም። ያ መስታወት ኳርትዝ ነው፣ ሲሞቅ ከቁብ የሚቆጠር መለጠጥ የለውም፤ ወፍራም ሽቦ ብታስገባበት ይሰነጠቃል። ቅጠሏ ግን ስስና ልስልስ ስለሆነች ልዩነቱን ትችለዋለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ንጹህ ሞሊብዲነም አንዴ በጣም ከሞቀ በኋላ ውስጣዊ ቅንጣቱ ያድግና ቀዝቅዞ ስትነካው እንደ ገል ይሰበራል። ስለዚህ ቲታኒየም 0.5 በመቶ፣ ዚርኮኒየም 0.08 በመቶ ገደማና ጥቂት ካርቦን ጠብ የተደረገበት ቲዜድኤም የሚባል ቅይጥ አለ። ከዚያች ጠብታ በኋላ ጠባዩ ሌላ ነው።

ጋሽ_ቶርኖ

ልጆች፣ እኔ ንጹሁን ሞሊብዲነም በእጄ ይዤው አላውቅም። ቁራጩን ፎቶ አንስታችሁ ብታሳዩኝም አልለየውም። ግን 30 ዓመት ሙሉ አብሬው ሠርቻለሁ፤ ብረት ውስጥ ተደብቆ ነው የሚመጣው። ከሚመረተው አብዛኛው የሚገባውም እዚያው ነው።

ፑንታ ውሰዱ። እግሩ ላይ ኤችኤስኤስ (በከፍተኛ ፍጥነት የሚቆርጥ ብረት) ተብሎ ከተመታ፣ ብዙ ጊዜ ኤም2 የሚባለው ብረት ነው፦ ሞሊብዲነም 5 በመቶ፣ ተንግስተን 6 በመቶ ገደማ። ድሮ ይህ ሥራ የተንግስተን ብቻ ነበር፣ 18 በመቶ ይገባበት ነበር። በኋላ ሞሊብዲነም ግማሹን ክብደት ወስዶ ያንኑ ሥራ ሲሠራ ተገኘ። ምክንያቱን ኬሚስቷ ታውቀዋለች፣ እኔ የማውቀው ፑንታው እስኪግም ድረስ ሞቆ መቁረጡን አለማቆሙን ነው። ተራ የካርቦን ብረት ቢሆን ወዲያው ለስልሶ ጫፉ ይጠፋል።

ሁለተኛው ክሮሞሊ ነው፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት፣ 4130 የሚሉት። ሞሊብዲነሙ ከ0.15 እስከ 0.25 በመቶ ብቻ ነው። ከቁም ነገር አትቆጥሩትም አይደል? ግን ያቺ ቅንጣት ናት ብረቱ በዘይት ሲነከር እስከ ውስጥ እንዲጠነክር የምታደርገው። ሌላው ጥቅሟ ደግሞ አይታወቅላትም፦ ክሮሚየም ያለበት ብረት ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ውስጥ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ድንገት ተሰባሪ ይሆናል፤ ሞሊብዲነም ሲገባበት ይህ በሽታ ይለቀዋል። አንድ ወፍራም ዘንግ በዚህ ምክንያት እጄ ላይ ለሁለት ተሰብሮ ያውቃል። ጤነኛ ይመስል ነበር፣ ስብራቱ ግን እንደ ስኳር ድንጋይ ያብረቀርቃል። የዚያን ዕለት ነው ሞሊብዲነምን ያከበርኩት።

የኃይል ማመንጫ የእንፋሎት ቧንቧም አለ፦ ክሮሚየም 2.25፣ ሞሊብዲነም 1 በመቶ። ቀይ ባይሆንም ለዓመታት እየተጫነ የሞቀ ብረት ቀስ ብሎ ይረዝማል፣ እንደ ሰነፍ ላስቲክ። ያንን የሚገታው እሱ ነው።

ኬሚስቷ

ጋሼ የግማሽ ክብደቱን ነገር ስላነሱ፦ የሞሊብዲነም አቶም ክብደት 95.95፣ የተንግስተን 183.84 ነው። በአንድ ኪሎ ውስጥ የአቶሙ ቁጥር እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ካርቦንን ይዞ ጠንካራ ቅንጣት የሚሠራው አቶሙ ስለሆነ ኪሎው አነሰ ማለት ሥራው አነሰ ማለት አይደለም።

ጀማሪ_በያጅ

ጋሽ ቶርኖ፣ ስቴንለስ ላይ ጥያቄ አለኝ። 304 እና 316 የሚባሉትን ዓይነቶች በማግኔት መለየት ይቻላል ይሉኛል። 316 ማግኔት አይስበውም፣ 304 ይስበዋል ብለው። እውነት ነው?

ጋሽ_ቶርኖ

ልጄ፣ ይህን የነገረህ ሰው ብዙ ሰው አሳስቷል። ሁለቱንም ማግኔት አይስባቸውም። 304 በቀዝቃዛው ከታጠፈ ወይም ከተቀጠቀጠ እጥፋቱ ጋ ትንሽ ይስበዋል፤ ሰዎቹ ያዩት እሱን ነው። የ316 ልዩነቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም መግባቱ ነው፣ ያንን ደግሞ ማግኔት አያውቀውም። በዓይንም አይለይም። ጠብታ ፈሳሽ አድርገህ በባትሪ የምትሞክርበት መፈተሻ አለ፣ ሞሊብዲነም ካገኘ ቀለሙን ይቀይራል። አቅሙ ያለው በኤክስሬይ መመርመሪያ ሽጉጥ ያነባል።

ጀማሪ_በያጅ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ያቺ 2 በመቶ ምን ታደርግለታለች ታዲያ?

ቫኩም_ሰው

ጋሼ ካልተቀየሙኝ እኔ ልመልስ። ስቴንለስን የሚገድለው ወጥ የሆነ ዝገት አይደለም፤ ጨው ነው። ክሎራይድ የክሮሚየሙን ካባ አንድ ነጥብ ላይ ይበሳና ወደ ውስጥ ይቆፍራል። ከላይ ስታየው ያበራል፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ብቻ አለ፣ ሥሩ ግን ዋሻ ነው። ሞሊብዲነም ያ ቀዳዳ እንዳይጀምር፣ ከጀመረም እንዳይሰፋ ይከላከላል። መሐንዲሶች ለዚህ የሚጠቀሙበት ቀላል ቀመር አለ፦ የክሮሚየም መቶኛ፣ ሲደመር 3.3 ጊዜ ሞሊብዲነም፣ ሲደመር 16 ጊዜ ናይትሮጅን። እንግዲህ እየው፣ ለዚህ ሥራ አንድ እጅ ሞሊብዲነም ሦስት እጅ ክሮሚየም ያህል ይቆጠራል። ለባሕር ዳርቻ ሥራ 316 ካልሆነ የሚሉህ ለዚህ ነው።

ጥያቄ_አያልቅብኝም

ይቅርታ፣ ከርእሱ ልውጣ። «ሞሊ» የሚባለው ጥቁር ግራሶ ከዚህ ብረት ጋር ይገናኛል? ስሙስ ምን ማለት ነው? ብረት ይባላል፣ ግራሶው ግን የእርሳስ ቀለም ነው ያለው፣ እጅ ላይ አይለቅም።

ቃል_ለቃሚ

ሳታውቀው መልሱን ተናግረሃል። «የእርሳስ ቀለም» አልክ አይደል?

በአማርኛ የምንጽፍበትም እርሳስ ነው፣ ጥይት የሚሠራበት ከባድ ብረትም እርሳስ ነው። የምንጽፍበት ውስጥ ግን ቅንጣት እርሳስ የለበትም፣ ግራፋይት ነው። ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም፣ ዓለም ሁሉ ተሳስቶበታል። በጥንት ዘመን ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ጣት የሚያጠቁር ድንጋይ በሙሉ አንድ ስም ነበረው። ግሪኮች እርሳስን «ሞሊብዶስ» ይሉት ነበር፤ እርሳስ የሚመስለውን ድንጋይም በዚያው ጠሩት። ዛሬ ሞሊብዲናይት የምንለው ማዕድን በዚያ ከረጢት ውስጥ ነበር። ስለዚህ ሞሊብዲነም ማለት ቃል በቃል «እርሳስ ነገር» ማለት ነው፣ እርሳስ ሳይሆን።

የለየው ካርል ቪልሄልም ሼለ ነው፣ ስዊድናዊ መድኃኒት ቀማሚ፣ በ1778። ድንጋዩን በናይትሪክ አሲድ ሲያፈላው ነጭ ዱቄት ወጣለት፤ ግራፋይት እንዲህ አያደርግም፣ እርሳስም የለበትም። ዱቄቱን ወደ ብረት የሚመልስበት ምድጃ ስላልነበረው ለወዳጁ ለፔተር ያኮብ የልም አሳለፈለት። የልም በ1781 ዱቄቱን ከከሰልና ከተልባ ዘይት ጋር ለውሶ በኃይለኛ እሳት አግሎ ብረቱን አወጣ። የእቶን_ጠባቂ ነጭ መርፌና የሼለ ነጭ ዱቄት አንድ ነገር ናቸው፤ እሱ ዱቄቱን ወደ ብረት ለመመለስ ወዳጅ ፈለገ፣ አንተ ብረቱን ወደ ዱቄት መለስከው 😂

እቶን_ጠባቂ

ሦስት ዓመት የፈጀባቸውን በአንድ ሌሊት ገለበጥኩት በለኛ።

ድንጋይ_ወዳድ

እኔ ደግሞ ሞሊብዲናይትን ከግራፋይት የምለይበትን ላካፍል። ሁለቱም በጥፍር ይጫራሉ፣ ሁለቱም ወረቀት ያጠቁራሉ። መጀመሪያ በእጅህ መዝነው፤ የሞሊብዲናይት እፍጋት 4.7 ገደማ፣ የግራፋይት 2.2 ነው። ከዚያ የሚያብለጨልጭ ነጭ የሸክላ ሳህን ላይ አሽተው። ግራፋይት ግራጫ ይተዋል። ሞሊብዲናይት ቀጭን አረንጓዴነት ያለው መስመር ያሰምራል። አረንጓዴውን ያየሁ ዕለት ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳህኑን ወደ መስኮት ሳዞር ነበር።

በምድር ቅርፊት ውስጥ በአንድ ቶን ድንጋይ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ብቻ ነው ያለው። አብዛኛው የሚወጣው ደግሞ መዳብ ፍለጋ ሲቆፈር ነው። የቺሊና የፔሩ ግዙፍ የመዳብ ጉድጓዶች ሞሊብዲነምን እንደ ተረፈ ምርት ያወጣሉ። ለራሱ ሲባል የሚቆፈርባቸውም አሉ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ክላይማክስ ከሁሉ ስመ ጥር ነው፤ በምርት ግን ዛሬ ቻይና ትቀድማለች። ድንጋዩ ይፈጭና ውሃ ውስጥ ዘይት ጠብ ተደርጎ አረፋ ይነፋበታል። ሞሊብዲናይት ውሃ ስለማይወድ አረፋው ላይ ተንጠልጥሎ ይወጣል፣ ሌላው ይሰምጣል። ከዚያ አየር እየገባበት ይቆላል፤ ድኙ በጋዝ ይሄዳል፣ የእቶን_ጠባቂ ኦክሳይድ ይቀራል።

ከሚሄደው ጋዝ ጋር ሬኒየም የሚባል እጅግ ብርቅ ብረት አብሮ ይሾልካል። ያገኙት ጀርመናውያን በ1928 አንድ ግራም ለማውጣት 660 ኪሎ ሞሊብዲናይት ፈጅተዋል። ዛሬ የጄት ሞተር ምላጭ ውስጥ የሚገባው ሬኒየም በዋናነት ከዚያ ጭስ ተጠምዶ የሚመጣ ነው።

ጥያቄ_አያልቅብኝም

ግራሶዬን ረስታችሁታል 🙂

ጋሽ_ቶርኖ

አልረሳነውም። ሞሊ ግራሶ ማለት ተራ ግራሶ ውስጥ ሞሊብዲናይት ተፈጭቶ፣ ነጥሮ የገባበት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 3 በመቶ። ቀስ ብሎ በከባድ ጭነት ለሚንቀሳቀስ ነገር፣ ለፒንና ለመገጣጠሚያ ይሁን። በጣም ፈጥኖ ለሚሽከረከር ኩሽኔታ ግን አልመክርህም። «ጥቁር ስለሆነ ይበልጣል» የሚባለውን አትስማ።

ቫኩም_ሰው

የሚያዳልጥበት ምክንያት ቅርጹ ነው። የሞሊብዲነም አቶሞች በሁለት የድኝ ንጣፎች መካከል ተጣብቀዋል፣ እያንዳንዱ ቅጠል ለራሱ ጠንካራ ነው። ቅጠል ከቅጠል ግን ድኝ ከድኝ ጋር ነው የሚነካካው፣ እምብዛም አይያያዙም። እንደ መጫወቻ ካርታ ይንሸራተታሉ። ግራፋይትም ቅጠል ነው፤ ግን ለመንሸራተት የአየር እርጥበት ይፈልጋል። ሕዋ ላይ እርጥበት የለም፣ ግራፋይት እዚያ ይነክሳል። ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ (የሞሊብዲናይት ኬሚካላዊ ስሙ ነው) በተቃራኒው ቫኩም ውስጥ ያምርበታል፣ እርጥበት ነው የሚያበላሸው።

በ1989 ወደ ጁፒተር የተላከችው ጋሊሊዮ መንኮራኩር ታውቃላችሁ? በ1991 ትልቁ አንቴናዋ እንደ ጃንጥላ ሊዘረጋ ሲል ጥቂት ዘንጎቹ ተጣብቀው ቀሩ። መርማሪዎቹ የገመቱት ምክንያት አንቴናው በከባድ መኪና ከአገር ዳር እስከ ዳር ሲመላለስ በመንቀጥቀጡ ደረቁ የሞሊብዲነም ቅባት ከፒኖቹ ላይ ተራግፏል የሚል ነው። ተልዕኮዋን በትንሿ አንቴና፣ መረጃውን እያንጠባጠበች ጨረሰች።

አየር ውስጥ ከ400 ዲግሪ ግድም በላይ ይህም ቅባት ወደዚያው ኦክሳይድ ይሄዳል። ያ ኦክሳይድ ዛሬ አልለቀቀንም።

ጨረር_ክፍል

ከሆስፒታል ሥራ ልጨምር። ሞሊብዲነም-99 የሚባል ጨረር አመንጪ አይሶቶፕ አለ፣ ግማሽ ዕድሜው 66 ሰዓት ነው። እየፈረሰ ቴክኒሺየም-99ኤም ይወልዳል፣ የሱ ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት ብቻ። አጥንትና ልብ በጨረር ካሜራ ለመመርመር የሚወጋው ሁለተኛው ነው። በ6 ሰዓት ግማሹ የሚጠፋ ነገር ከሩቅ ማጓጓዝ ስለማይሆን እናቱን ነው የምናስመጣው። በእርሳስ (በእውነተኛው እርሳስ!) የተሸፈነች ትንሽ በርሜል ትመጣለች። ውስጧ ሞሊብዲነሙ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ላይ ተጣብቋል፤ የጨው ውሃ ሲያልፍ ቴክኒሺየሙ ብቻ ታጥቦ ይወርዳል። በሙያችን «ላሟ» እንላታለን፣ ጠዋት ጠዋት ትታለባለች፤ በ23 ሰዓት ገደማ እንደገና ትሞላለች።

ቴክኒሺየም ራሱ በ1937 የተገኘው ከሞሊብዲነም ቅጠል ነው። በርክሌይ፣ ሳይክሎትሮን በሚባል የአቶም ቅንጣት ማፋጠኛ ውስጥ ለወራት ሲደበደብ የቆየ ቁራጭ ለኤሚሊዮ ሴግሬ ተላከለት፤ ሴግሬና ካርሎ ፔሪዬር ፓሌርሞ ላይ ፈትሸው 43ኛውን ንጥረ ነገር አገኙ። ለሌላ ሰው የተጣለ ላሜራ ነበር። እቶን_ጠባቂ፣ ቅሪቷን አትጣላት።

አፈር_ለአፈር

ሁላችሁም ስለ ብረት አወራችሁ፣ ያለ እሱ ባቄላም አይበቅልም እኮ። በጥራጥሬ ሥር ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች የአየር ናይትሮጅን የሚይዙበት ኢንዛይም እምብርቱ ላይ 7 ብረት፣ 9 ድኝ፣ መሐሉ ላይ አንድ ካርቦን፣ ዳር ላይ ደግሞ አንድ ሞሊብዲነም አለው። አንድ አቶም! አፈር አሲዳማ ሲሆን ሞሊብዲነም ይታሰራል፤ ብረት፣ ማንጋኒዝና ዚንክ በተቃራኒው ይለቃሉ። ኖራ ሲጨመር ጥራጥሬ የሚያገግምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጉድለቱን ለመሙላት በሄክታር ከመቶ ግራም የማይበልጥ ይበቃል።

ሲበዛ ግን ጉዳት አለው። እንግሊዝ ውስጥ ሶመርሴት ላይ ከብት የሚያስቀምጥና የሚያከሳ ግጦሽ ነበር፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲመረመር ሣሩ በሞሊብዲነም የተሞላ ሆኖ ተገኘ። በከብቱ ሆድ ውስጥ ከድኝ ጋር ተጣምሮ መዳቡን ያስርበታል። መድኃኒቱም መዳብ መስጠት ሆነ።

ለሰውም ያስፈልጋል፣ ለአዋቂ በቀን 45 ማይክሮግራም። ሪህ ያለባችሁ፣ ዩሪክ አሲዱን የሚሠራው ኢንዛይም ውስጥም ይኸው ሞሊብዲነም አለ።

ጋሽ_ቶርኖ

ጉልበቴን የሚያመኝም እሱ ነው በለኛ። ከዛሬ ጀምሮ ተቀያይመናል።

ኬሚስቷ

እቶን_ጠባቂ፣ አንድ ነገር ከጠዋት ጀምሮ ሳልጠይቅህ። 1,700 ዲግሪ የሚወጣ ምድጃ ነው ያልከው። ማሞቂያዎቹ ምን ዓይነት ናቸው? ከጣሪያው የተንጠለጠሉ፣ እንደ ፀጉር ሹካ የታጠፉ ግራጫ ዘንጎች?

እቶን_ጠባቂ

አዎ፣ ልክ እንደዚያ። ለምን?

ኬሚስቷ

ሞሊብዲነም ዳይሲሊሳይድ ናቸው። ምድጃህ ራሱ በሞሊብዲነም ነው የሚሞቀው።

መጀመሪያ ሲግሉ ላይ ላዩ ያለው ሞሊብዲነም እንደ ላሜራህ ይተናል፣ አብሮት ያለው ሲሊኮን ግን ይቀርና መስታወት ይሆናል። ያ መስታወት ሽፋን ሆኖ የውስጡን ይጠብቀዋል፣ ሲጫር ራሱ ይደፈናል። ደካማ ጎኑ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ነው፤ እዚያ መስታወቱ ቶሎ ስለማይሠራ ቢጫ ዱቄት ይለቃል። የላሜራህ ጭስም አርፎበት ሊሆን ስለሚችል፣ ካጸዳህ በኋላ ባዶውን 1,450 ላይ ለጥቂት ሰዓት አንድደው፣ ሽፋኑ ይታደሳል። ዘንጎቹን ቀዝቃዛ እያሉ እንዳትነካካቸው፣ ይሰበራሉ።

እቶን_ጠባቂ

እንደታዘዝኩት አደረግኩ። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ባዶውን 1,450 ላይ አራት ሰዓት አነደድኩት። ዛሬ በባትሪ መብራት ሳያቸው ዘንጎቹ ቫርኒሽ የተቀቡ ይመስላሉ። ለናሙናዎቹ የአሉሚና ሰሌዳ አገኘሁ። ቅሪቷን በጠርሙስ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫታለሁ፣ መርፌዎቹንም አብሬ። ጋሽ ቶርኖ ንጹሁን አይቼ አላውቅም ስላሉ ፎቶውን ከታች ለጥፌዋለሁ።

ጋሽ_ቶርኖ

አየሁት ልጄ። የተቃጠለ የምላጭ ስባሪ ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ያከበርኩት?